ከማን ሰማሁ

«ሉላ፣ ጎንደር አያት አለሽ እንዴ?» አሉ መምህር ኣስፋሃ ደብተሩን ከፍ አድርገው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተማሪዎቹ ለየቃሉ ተመሳሳዩን፣ ተቃራኒውንና ምንጩን ይጽፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከማን ሰማሁ» የሚል ዓምድ አለ። ሉላ ከእስከዳር ስትገለብጥ «ጎንደር ካሉት አያቴ» የሚለውንም ሳታስቀር ጽፋዋለች። ከሁሉ ይበልጥ የሳቀችው እስከዳር ራሷ ነበረች።

ሉላ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ቀን ወዲያ በእረፍት ሰዓት አጠገቧ አልተቀመጠችም።

የእስከዳር አባት ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ መቀሌ ከመጡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያፈራችው ጓደኛ አንድ ሉላን ብቻ ነው። ትግርኛ ልማር ብላም አታውቅ፤ ሁሉም በአማርኛ ያናግራታል፣ ምን ቸገራት? አሁን ግን ልጆቹ ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ ዳር ቁጭ ብላ ስታያቸው ሆድ ይብሳታል።

በሳምንቱ «ምዕራብ» የሚል ቃል ተሰጣቸው። ተቃራኒው ቀላል ነው፤ ምንጩ ግን ጠፋት። አያቷ ጋ ደወለች።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉና ስለ ጉንፋናቸው ማውራት ጀመሩ።

በማግስቱ ከማጠናከሪያ ትምህርት ዓይደር ወዳለው ቤታቸው ስትመለስ፣ ባጃጁ ውስጥ አብረዋት የተሳፈሩ እናት ወደምትጠልቀው ፀሐይ እያመለከቱ ሹፌሩን አጣደፉት። «ቀልጥፍ ዝወደይ፣ ጸሓይ ዓሪባ!»

ዓሪባ፣ ጠለቀች። ምዕራብ፣ መጥለቂያዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ሲያልፍ የኖረ ቃል!

ቤት ገብታ ግምቷን በእርሳስ ጻፈች። «ከማን ሰማሁ» ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። የሴትየዋን ስም እንኳ አልጠየቀችም። ዓምዱን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ አያቴ፣ አያቴ፣ አባዬ፣ አያቴ። ከዚህ ከተማ አንድም ሰው የለበትም። ዛሬም «አያቴ» ብላ ብትጽፍ ማንም አያውቅባትም።

ባዶውን ተወችው።

ጠዋት እስከዳር፣ ሉላ ከልጆቹ ጋር ወደተቀመጠችበት ሄደች።

«እንታይ ደሊኺ?» አለች ሉላ። በትግርኛ ስታናግራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ምን ፈለግሽ ማለቷ መሆኑ ግን አልጠፋትም።

«ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም፤ ይቅርታ። ደግሞ… ‹ዓሪባ› ስለሚለው ቃል ልጠይቅሽ ነበር።»

«ጎንደር ያሉትን አያታችንን አትጠይቂም?»

ልጆቹ ሳቁ። የእስከዳር ፊት ደም መሰለ፤ ቢሆንም ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ጠየቅኋቸው። አያታችን አያውቁም» አለችና ደብተሯን ባዶው ዓምድ ላይ ገልጣ፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቅላ ቆመች።