በቆመችው ማሽን ላይ ያለ እጅ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጋቢዬን አራግፌ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጠንቋዩም የሙት መንፈሱም ለኔ የቦዘኔ ጨዋታ ነበር፣ አሁንም አመንኩ አልልህም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገርህ።

ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወንዙ ላይ ያለችውን ትንሽ የመብራት ማመንጫ የምጠብቅ እኔ ነኝ፣ ማሽኗን የሚያንቀሳቅስ ደግሞ ልጄ አበጀ ነበር፣ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ይገባና ኩሽኔታው፣ ዘንጉ የሚዞርበት ብረት ማለት ነው፣ መጋል አለመጋሉን ለማወቅ እንደ ታመመ ሕፃን ግንባር መዳፉን ይጭንበታል፣ «እንዴት አደርሽ?» ይላታል ደግሞ፣ እመነኝ። በክረምቱ ትኩሳት ያዘውና ሞተብኝ። አርባው ሳይደርስ ኢንጂነሯ ሰናይት መጥታ እሱ እጁን የሚጭንበት ቦታ ላይ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ለጠፈች፣ ባሕር ዳር ተቀምጣ ሙቀቱን በኢንተርኔት ልታይ፣ ማሽኗንም ከዚያው ልታስነሳና ልታቆም።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ማሽኗ እኔ ዘንድ ትደውላለች» አለችኝ።

«ሚስቴ ከሐሙሲት ገበያ ስትደውል አይሰማኝ፣ ብረት ባሕር ዳር ድረስ ሊሰማ!» ብያት ሳቀች።

የአርባው ማግስት ጠዋት፣ ማሽኗ ለጥገና ቆማ፣ ውሃው ተዘግቶ፣ ጉሙ እንደወረደ ስልኬ ጮኸ።

«አባባ፣ ማሽኑ ቤት ማን ገባ?»

«ማንም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።»

«ኩሽኔታው እኮ ይሞቃል። እንደ ሰው ገላ ነው የሚለኝ።»

ከፍቼ ገባሁ። ጭር ብሏል። ብረቱን ሁሉ ጤዛ አልብሶታል፣ ሴንሰሩ ዙሪያ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ደርቃለች። እጄን ጫንኩ፣ በረዶ ነው።

«አሁን የእርስዎ እጅ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እስቲ ያንሱት።»

አነሳሁ።

«አባባ፣ አላነሱትም እኮ።»

እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት። እሷም፣ «ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው፣ ነገ እቀይረዋለሁ» አለች።

«አትነኪውም!»

«ከዋሸኝ ማሽኗ ትቃጠላለች፣ አባባ።»

«ትቃጠል! ልጄን እንደገና ከዚህ ልታስወጪው ነው?»

መጥታ ቀየረችው። በሩ ላይ ቆሜ ብከለክል በጎኔ ሾልካ እያለቀሰች ገባች። አዲሱ ቀዝቃዛውን ቀዝቃዛ ነው ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። አሮጌውን ልትጥለው ስትል ቀምቼ ጋቢዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ገመድ የለው፣ ኢንተርኔት የለው። ግን ጠዋት፣ አበጀ ማሽኑ ቤት በሚገባባት ሰዓት፣ ቋጠሮው ይሞቃል። የራሴ ገላ ነው የሚያሞቀው እል ነበር። ትናንት ጋቢውን ደጅ ሰቅዬው አደረ፣ ውርጩ ላይ፣ ማለዳ ወጥቼ ቋጠሮውን ጨበጥኩት፣ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

ለእናቱ እስካሁን አልነገርኳትም።