ሦስት ለሦስት

ክላይቭ ደንስታን ሞቶ የተገኘው የፖርት ኤልስዊክ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ለመንጠቆ ማባበያ የሚሆነውን ዓሣ በሚያስቀምጥበት የበረዶ ክፍል ውስጥ ነው። ከበሩ ጎን ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ጉልበቶቹን አቅፎ ተቀምጧል። ቅንድቡ ላይ አመዳይ ጥሎበታል። ከግድግዳው ወዲያ ግን የጥር ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠች፣ ሰፈርተኛው በባሕሩ ዳር ተሰብስቦ ቄስ ጀልባዎቹን የሚባርክበትን የቡራኬ በዓል ያከብራል። ቋሊማ ይጠበሳል፤ ማርሽ ባንዱ ይነፋል፤ ከመካከላቸው ሰው እንደጎደለ የሚያውቅ ገና ጥቂት ነው።

መርማሪ ሳጅን ሎርና ዛሚት ሬሳውን ቆማ አየችው። ክላይቭ የምክር ቤት አባል ነበር፤ ስልሳን የዘለለ፣ ልቡ ደካማ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቅለት ሰው። ሐኪሙም ቅዝቃዜው ሳይጨርሰው ልቡ ቀድማ እንደቆመች ገምቷል። የሎርና ዓይን ግን እጆቹ ላይ ነበር። መዳፎቹን የዛጎል ስለት ቧጭሯቸዋል፤ የሱሪው ጉልበት አረንጓዴ የባሕር አረም ይዟል። ቀኝ ትከሻው ላይ ሸሚዙ ተተርትሮ ቆዳው ጠቁሯል።

ውጭ የሚጠብቋት ሰዎች ከአፏ አንድ ስም ብቻ እንደሚሹ ታውቃለች። በሩን ከፍቶ ሬሳውን ያገኘው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፓንዴሊስ ማቭሮስ ነው። ይኸው ፓንዴሊስ ምክር ቤቱ የማኅበሩን ሕንፃና የጀልባ ማቆሚያ ለመሸጥ ሲመክር፣ በቅርቡ በምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «ማኅበሩን የሸጥክ ዕለት ከማባበያው ጋር ነው የማስቀምጥህ» ብሎ በክላይቭ ላይ ዝቷል። ይኸው ፓንዴሊስ ሎርናን ዋና ያስተማራት፣ የአባቷን የሬሳ ሣጥን የተሸከመ ሰውም ነው። ነጻ ብታወጣው አጎቴ ለምትለው ሰው አደላች ሊሏት ነው። ብታስረው ደግሞ በዚህ ሰፈር በር የሚከፍትላት አይኖርም። ከፖርት ኤልስዊክ ለመራቅ ዕድሜዋን ሙሉ ስትታገል ኖራ የሥራ ምድብ መልሶ እዚሁ አምጥቶ የጣላት በዚህ ዓመት ነበር፤ አሁን ወዲህም ወዲያም መንገዱ ተዘግቶባታል።

የምክር ቤቱ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ኒያል ፎርሳይት ገና ስትደርስ ነበር የተቀበላት። ቀጭን፣ ሸሚዙ በላብ የተጣበቀበት ሰው ነው። የአሮጌው በር የውስጥ መክፈቻ በበረዶ ተይዞ እንቢ ብሎ እንደሚሆን፣ ይህ ሕንፃ አንድ ቀን ሰው ይገድላል ብሎ ሲያስጠነቅቅ እንደኖረ፣ በአጭሩ ድንገተኛ አደጋ እንደሆነ ነገራት። እያወራ ወገቡ ላይ ካንጠለጠለው የቆዳ አፎት ብቅ ያለውን እጀታ በመዳፉ ወደ ታች ይጫነዋል፤ እጀታው ግን ተመልሶ ብቅ ይላል።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሎርና ብቻዋን ገባችና ደጃፉ ላይ የቆመውን ፖሊስ በሩን እንዲዘጋባት አዘዘችው።

የመብራቱ ማብሪያ ውጭ ስለሆነ ጨለማው ድፍን ነው። ቅዝቃዜው ከጫማዋ ሶል ተነስቶ ወደ ቅልጥሟ ወጣ። የማርሽ ባንዱ ድምፅ ከሩቅ፣ ከውሃ በታች እንዳለ ሆኖ ይሰማታል። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። በመዳፏ ግድግዳውን እየዳበሰች የበሩን መክፈቻ አገኘችውና ገፋችው። ያለ ምንም ችግር ተከፈተ።

ደግማ ገባች። በዚህኛው ጊዜ ፖሊሱ በውጭ በኩል ጓጉንቸር በሚገባባቸው ሁለት የብረት ቀለበቶች መሃል እርሳስ እንዲሰካ ነገረችው። መክፈቻውን ገፋች፤ በሩ ፍንክች አላለም። በትከሻዋ መታችው። ሦስተኛው ላይ እርሳሱ ተሰበረና ወደ ብርሃኑ ወጣች። ትከሻዋን እያሻሸች ቀለበቶቹን ቀረብ ብላ አየች። በነጩ ቀለም ላይ ቀጭን፣ ትኩስ ጭረት አለ። የማኅበሩ ጓጉንቸር ወፍራም ነው፤ እንዲህ ያለ ጭረት አይጭርም።

ፓንዴሊስን መረብ በተከመረበት ጥግ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«የዛትኩበት እኔ» አላት፣ ቀና ሳይል። «የጓጉንቸሩ ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ። ከጀልባዎቹ ሁሉ መጨረሻ ወደ ባሕር የወጣሁም እኔ ነኝ። ሌላ ምን ቀረሽ፣ ልጄ? ይልቅ ሰው ሳያይ ይዘሽኝ ሂጂ።»

«ጓጉንቸሩ የት ነበር፣ አጎቴ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ከበሩ ጎን ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።»

«ክላይቭ በሕይወት ቢኖር በዛሬው የሽያጭ ስብሰባ ድምፁን ለማን ይሰጥ ነበር?»

«ለመሸጡ ነዋ። ለዚሁ አይደል የተመረጠው።»

ከዚያ የሰፈሩን ወርኃዊ ጋዜጣ ለብቻዋ የምታዘጋጀውን ኤይሊን ማክፊን አነጋገረች። አሮጊቷ የምክር ቤቱን ስብሰባ ያለ ማቋረጥ በመከታተል ወንበሩን የራሷ አድርጋዋለች። ለሽያጩ ምክንያት የሆነውን፣ የጀልባ ማቆሚያው ምሰሶዎች በስብሰዋል የሚለውን ነገር ለምክር ቤቱ ያረጋገጠው ፎርሳይት መሆኑን፣ ከንቲባዋን ጨምሮ ሦስት አባላት ለመሸጥ፣ ሦስት ላለመሸጥ እንደቆሙና ክላይቭ የሻጮቹ አራተኛ ተደርጎ ይቆጠር እንደነበር አስረዳቻት። ስብሰባው ጀልባዎቹ ለቡራኬ በወጡበት ሰዓት የተጠራው ዓሣ አጥማጆቹ አዳራሹን እንዳይሞሉት መሆኑንም ሳትደብቅ ተናገረች።

«ድምፅ እኩል ሲሆንስ?» አለቻት ሎርና።

«ከንቲባዋ ደግማ ድምፅ ትሰጣለች፤ ያው ለራሷ ወገን። ቤተ መጻሕፍቱንም የሕፃናት መዋያውንም ያጣነው በዚሁ ሕግ ነው። ይሄንን ከእኛ ወገን የማያውቅ የለም፤ ፓንዴሊስማ በቃሉ ይወጣዋል።» ኤይሊን መነጽሯን አወለቀች። «አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ዛሬ ጠዋት ክላይቭ ከማቆሚያው ሥር እንደ ሸርጣን እየዳኸ ሲወጣ አየሁት። ከፊት ወንበር ተቀመጪ፣ ዛሬ የምትጽፊው አታጪም አለኝ።»

ከንቲባ ጂሊያን ስቶክዴል በበኩሏ አጭር ሴት ነበረች፤ በንግግሯም እንደዚያው። እስከ ስብሰባው ሰዓት ድረስ በቡራኬው መድረክ ላይ ከቄሱ ጎን ቆማ ሕዝብ ሁሉ ያያት ስለሆነ ስለ ራሷ የምትጨነቅበት ምክንያት አልነበራትም። ክላይቭ ሲጠፋ ተናዳ ሰው እንደላከች፣ ስብሰባውንም ልታዘገየው እንደነበር ነገረቻት።

«ለምን አላዘገዩትም ታዲያ?»

«ፎርሳይት አይጠብቁት አለኝ። ጀልባዎቹ ሳይመለሱ እንጨርስ፣ ለእርስዎ ሦስት ለሦስት ይበቃዎታል አለ። እውነቱን ነበር፤ በቃኝ።»

ሎርና አመስግናት ወጣች። ከደረጃው ሥር ፎርሳይትን አገኘችው። ክላይቭን ከትናንት ወዲህ እንዳላየው፣ ዛሬ ወደ በረዶው ክፍል እንዳልቀረበ ማለላት። መዳፉ አሁንም እጀታው ላይ ነው።

ባንዱ ለምሳ ሲያርፍ አራቱንም ሰዎች ድምፅ ወደተሰጠበት የላይኛው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። መስኮቶቹ በጨው ተነክሰው አይከፈቱም፤ ሙቀቱ ያፍናል። በሩ ላይ ፖሊስ ቆመ። ፓንዴሊስ ቆብ በእጁ ይዞ ከግድግዳው ተጠጋ፤ ማንም ከጎኑ አልቆመም።

ሎርና ድምፅዋን ሳታነሳ ጀመረች። በመጀመሪያ መክፈቻው እንደሚሠራ፣ ራሷ ገብታ እንደሞከረችው ነገረቻቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ክላይቭን ከውጭ ዘግቶበታል፤ በኋላም ተመልሶ መዝጊያውን ነቅሏል።

«የዘጋው ፓንዴሊስ ቢሆን ጓጉንቸሩ ከበሩ ጎን ተሰቅሎለታል» አለች። «ይህ ሰው ግን ጓጉንቸሩን አልነካም፤ ተጭኖ ቢቆልፈው ቁልፍ ስለሌለው መልሶ መክፈት አይችልም። መክፈት ደግሞ ይፈልግ ነበር። ክላይቭ እንዲሞት አልፈለገም፤ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ከስብሰባው እንዲቀር ብቻ ነው የፈለገው።»

ከንቲባዋ ወንበሯ ላይ ተንቀሳቀሰች።

«አሁን የክላይቭ መቅረት ማንን ጠቀመ እንበል። ሰው ሁሉ የመሸጡን ተቃዋሚዎች ጠቀመ ይላል። እስቲ ቁጠሩት። ክላይቭ መጥቶ ለመሸጥ ድምፅ ቢሰጥ ማኅበሩ ይሸጣል። ቢቀርም ሦስት ለሦስት ይሆንና ከንቲባዋ ሚዛኑን ትደፋለች፤ ማኅበሩ ይሸጣል። ያው ነው። ተቃዋሚዎች በእሱ መቅረት አንዲት ነገር አያተርፉም፤ ይህንንም ከማንም በላይ እነሱ ያውቁታል። መቅረቱ ለውጥ የሚያመጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሐሳቡን ቀይሮ ከነበረ።»

ኤይሊን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መዳፉን ዛጎል የቆረጠው ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ሲዳብስ ነው። ደህና ሆነው አገኛቸው። በዚህ አዳራሽ ቆሞ ሊናገር የነበረውም ያንን ነው። ማቆሚያው በስብሷል ብሎ ቃሉን ለሰጠው ሰው ያ ንግግር የእንጀራ ገመዱ መቆረጥ ነበር። ከንቲባዋ ክላይቭን የራሷ ሰው መስሏት ልትጠብቀው ፈለገች፤ አይጠብቁት፣ ሦስት ለሦስት ይበቃል ያላት ሰው ግን ክላይቭ ከመጣ ሦስት ለአራት እንደሚሆን ያውቅ ነበር።» ዞር አለች። «ፎርሳይት፣ እንጨት መበስበሱን ለማወቅ የምትወጋበትን ወስፌ አሳየኝ።»

ፎርሳይት አልተንቀሳቀሰም። ሎርና ቀርባ እጀታውን ከአፎቱ ሳበችው፤ ተንገጫግጮ ወጣ። የጣት ውፍረት ያለው ረጅም የብረት ወስፌ ነው፤ መሃሉ ጎብጧል። በጎበጠው ቦታ ላይ የነጭ ቀለም ቅርፊት ተጣብቋል።

«በልኩ የተሠራ አፎት አልቀበለው ያለው ለዚህ ነው» አለች። «ይህን ብረት ያጎበጠው የክላይቭ ትከሻ ነው።»

ፎርሳይት ከቅርቡ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ወለሉን ላሳይህ ብዬ ነው ያስገባሁት» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ። ከዚያ በሩን ይመታ ጀመር። ድምፅ እንደተሰጠ ሮጬ ወርጄ ወስፌውን ነቀልኩት። ክላይቭ፣ ና ውጣ፣ አልቋል አልኩት። አልወጣም። ከፍቼ ማየት አቃተኝ።» ወደ ከንቲባዋ ቀና አለ። «አንድ ሰበብ ፈልግልኝ ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። ፈለግኩልዎት። አንዴ በስብሷል ካልኩ በኋላ የምመለስበት አልነበረኝም።»

የጂሊያን ስቶክዴል ፊት ተለዋወጠ። የተናገረው ግን ፓንዴሊስ ነው። ቆቡን አድርጎ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደ፤ ከሰፈሩ ሁሉ የበለጠ ጊዜ በትዕግሥት የጠበቀ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «ክብርት ከንቲባ፣ በሞተ ሰው መቅረት የተገኘ ድምፅ ሆድዎ ይቀበለዋል ወይ?» አላት።

ከንቲባዋ ውሳኔው እንደሚሻር፣ ስብሰባው ጀልባዎቹ ባሉበት ቀን እንደገና እንደሚጠራ ተናገረች። ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ኤይሊን ፓንዴሊስን ክንዱን ያዘችው፤ አብረው ወረዱ።

ሎርና ፎርሳይትን የፖሊስ መኪናው ውስጥ አስገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። ብዙም አልሄዱም። ባንዱ እንደገና ጀምሯል፤ የሆነውን ያልሰማው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይጨፍራል። ሾፌሩ ጥሩንባ ቢያሰማም የሚሸሽ የለም። የሰው ጀርባና ክንድ በየመስታወቱ ተለጠፈ። ፊት የለም፣ ኋላ የለም።

ፎርሳይት መተንፈስ ተሳነው። በካቴና የታሰሩ እጆቹን አንስቶ መስታወቱን በጉልበት ሳይሆን በቀስታ፣ ደጋግሞ መታው።

«መስኮቱን ይክፈቱልኝ» አላት። «እባክዎ።»

ሎርና ጣቷን መክፈቻው ላይ አሳርፋ ቆየች። የተቀጠቀጠ ትከሻዋ ይጠዘጥዛታል። ያ ድምፅ፣ የእጁ መምታት፣ በባንዱ ጩኸት መሃል ለእሷ ብቻ ይሰማ ነበር።

ከዚያም ከፈተችለት።