የፌንጣዋ ስድስተኛ ነጥብ

«አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት!» አንዳርጋቸው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነጥቦቹን በጥፍሩ እየነካ ቆጠረና ቀና ብሎ የእህቱን ልጅ ማሬን አያት። «እኛ ከአርማጭሆ ተነስተን ገዳሪፍ እስክንገባ ስንት ሌሊት አደርን?»

«ሰባት» አለች ማሬ።

«በይ እንግዲህ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ወረቀቱ ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ መስመር አለ። በመስመሩ ላይ ሰባት ነጥቦች፣ በእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ሁለት ሁለት ቁጥር ተጽፏል። በመስመሩ ሁለት ጫፎች የመደመር ምልክት ተደርጓል፤ ሦስተኛው ምልክት ከመስመሩ ርቆ ላይ ብቻውን ቆሟል። አንዳርጋቸው ይህኛው የወታደር ጣቢያ ነው ብሎ ወስኗል።

ወረቀቱን ያመጣችው ማሬ ናት። አርብ ዕለት የሒሳብ መምህሩ ጋረደው ደወል ሊደውሉ ሲወጡ ከደብተራቸው መሐል መዘዘችው። ማንም አላዘዛትም። ባለፈው ወር ዘመድ ሊጠይቅ ድንበር የተሻገረ አንድ ስደተኛ መተማ ላይ ከተያዘ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ጠቢ ፍለጋ ላይ ነው። መምህር ጋረደው ደግሞ ውጭ አገር ነው የተማሩት። ማን ልኮ አስተማራቸው? ደርግ! ይህን ያሰበች ቀን ትጠረጥራቸው ጀመር። በዚያ ላይ በረሃውን ያሻገሯቸው መንገድ መሪዎች አንድ ሕግ ነበራቸው፤ መንገድ በልብ ይያዛል እንጂ ወረቀት ላይ አይወርድም። መንገድ የሚጽፍ ሰው ለሌላ ሰው ነው የሚጽፈው።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ አያ ገሠሠና ሽማግሌዎቹ ፊት እናቀርበዋለን» አለ አንዳርጋቸው። «ከዚያ ለሱዳን ጸጥታ ሰዎች ነው። ጭነው ድንበር ላይ ይጥሉታል። አይዞሽ፣ ያንቺ ስም አይነሳም።»

ማሬ መምህሩ ይጠየቃሉ ብቻ ብላ ነበር ያሰበችው። ድንበር ላይ የተጣለ ሰው ደርግ እጅ እንደሚወድቅ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ወረቀቱን «እስከ ማታ እኔ ልያዘው» ብላ ከአጎቷ ተቀበለችና እግሯ ወደ ራዲያ ወሰዳት። ራዲያ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቷን ሱቅ የምትጠብቅ። ማሬ ወረቀቱን አሳይታ የሆነውን ሁሉ ስትነግራት ራዲያ አፏን ያዘች።

«ያ ማሬ!» አለች እንደ ልማዷ አረብኛ እየቀላቀለች። «አብደሻል እንዴ? ይሄ እኮ ፌንጣዋ ናት!»

«የምን ፌንጣ?»

«ሐሙስ ወባ ይዞሽ ስትቀሪ የተማርነው ነዋ!» ራዲያ ከባንኮው ስር ትንሽ ደብተር አወጣች። በየገጹ ጠርዝ አንዲት ፌንጣ ተሥላለች። ገጾቹን በአውራ ጣቷ ስትለቃቸው ፌንጣዋ ከመሬት ተነስታ ዘለለችና ማዶ አረፈች። «ቲቸር ውጭ አገር ያዩት ኮምፒውተር የሚባል ማሽን ሥዕል የሚያስኬደው እንደዚህ ነው አሉ። መነሻውን፣ መድረሻውንና ወደ ላይ የሚስበውን ነጥብ ትሰጪዋለሽ። የቀረውን፣ ፌንጣዋ በየገጹ የምትሆንበትን ቦታ፣ ራሱ ለሁለት እያካፈለ ያገኘዋል።»

ማሬ ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ መልሶ ጠቆረ። «ለሽፋን አስተምረዋችሁ ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ራስሽ ሥሪው!»

ራዲያ ክር ሰጠቻት፤ አካሄዱንም አሳየቻት። ማሬ ክሩን ከግራው ምልክት እስከ ላይኛው ዘረጋች፤ ለሁለት አጥፋ መሐሉ ላይ ነጥብ አደረገች። ከላይኛው እስከ ቀኙም እንደዚያው። ከዚያ የሁለቱን አዳዲስ ነጥቦች መሐል ፈለገች። ቁጥሩን ስታሰላው ወደ ቀኝ ስምንት፣ ወደ ላይ አሥራ ስድስት ሆነ። የመምህሩ አራተኛ ነጥብ! ልቧ ዘለለ። ግማሹን መልሳ ስታጋምስ ሁለተኛው መጣ፤ ያንንም ስታጋምስ አንደኛው። ሰው በረሃ ውስጥ በክር እየለካ አያድርም። እንዲህ ስታስብ እፎይ አለች፤ ስድስተኛው ላይ እስክትደርስ ድረስ።

ስሌቷ አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ይላል። ወረቀቱ ላይ ግን የተጻፈው አሥራ ሁለት በአሥር ነው። ነጥቡም ከቦታው ዝቅ ብሏል። ሦስቴ ደገመችው፤ ያው ነው።

«ወላሂ ዜሮዋን ሁለት አድርጊያት፣ ኸላስ፣ አለቀ! ማን ያያል?» አለች ራዲያ እስክሪብቶ እያቀበለቻት።

ማሬ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ሲል እጇን ሰበሰበች። ሰርቃ ያመጣችውን ወረቀት አሁን ደግሞ ልትደልዘው ነው! ደግሞስ ስድስተኛው ነጥብ እውነት የሆነ ቦታ ቢሆንስ? እስክሪብቶውን ባንኮው ላይ አስቀመጠች፤ ወረቀቱንም ማታ ለአጎቷ እንደነበረ መለሰችለት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከኒሙ ዛፍ ስር ተቀመጡ። ሰፈሩ ዙሪያውን ቆሟል። መምህር ጋረደው በርጩማ ላይ ሆነው ስለ ፌንጣዋ ሲያስረዱ ሳቅ ተነሳ፤ የደግ ሳቅ አልነበረም።

«ፌንጣ ለመዝለል ቁጥር ያስፈልጋታል?» አሉ አያ ገሠሠ። «ለመሆኑ ወረቀቱን ማን አገኘው?»

«የታመነ ሰው» አለ አንዳርጋቸው።

መምህሩ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ ተመለከቱ። ዓይናቸው አንዳንዱ ላይ ይዘገያል። ማሬ ላይ ሲደርስ ግን ሳይቆም አለፈ። ጨርሶ አልጠረጠሯትም። ይህ ከስድብ ሁሉ በላይ አሳፈራት።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «ከደብተራቸው ሰርቄ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ማሬ!» አለ አጎቷ።

«በክር ለክቼዋለሁ፣ አያ ገሠሠ። ነጥቦቹ በስሌት የመጡ ናቸው። ስድስቱ ልክ ይገጥማሉ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንዱ አይገጥምም። ስድስተኛው። እሱንም አልደብቅም።»

መምህር ጋረደው ከበርጩማው ብድግ አሉ። «ስድስተኛው? ምን ይላል?»

«አሥራ ሁለት በአሥር።»

«አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ነው መሆን ያለበት» አሉ፤ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ ይመስል ግንባራቸውን ይዘው። «ተሳስቻለሁ። ሠላሳ ልጅ ገልብጦታል፣ አንድም ሰው አላየውም።»

ማሬ ፊታቸውን አጥብቃ አየች። እውነታቸውን ነው? ይህንን የሚያሳይ ክር አልነበራትም። አጎቷ ወደሱ እንድትመለስ በዓይኑ ጠቀሳት። እሷ ግን ወረቀቱን ከአያ ገሠሠ እጅ ተቀብላ ከበርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የራዲያንም ክር አውጥታ አንዱን ጫፍ ለመምህሩ ሰጠች።

«ሁሉም እያየ ከአንደኛው እንጀምር» አለች።