በሁለቱ ሐይቆች መካከል

ጠጋ በሉ፤ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። ከኋላችሁ ክፍት ቦታ አትተዉ። ሁላችሁም አላችሁ? ደኅና። እንግዲህ ስሙኝ።

ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ወሩ ጥር ነው፤ ጨረቃ የለችም። መንገዱንም ታውቁታላችሁ። ከድንኳናችሁ ጀርባ ወደ ጫካው የሚገባው ያ ቀጭን መንገድ ነው። ከላይኛው ሐይቅ ተነስቶ፣ በጽዱና በኮሶው መሃል ቁልቁል እየተጠማዘዘ፣ እዚህ ታችኛው ሐይቅ ዳር ይወርዳል። ቀን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ማታስ? ማታ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም፤ ማታ የሚሄድበት የለማ።

አንድ ሰው ግን ሄዶበታል። አጥናፉ ይባላል። የአክስቴ ባል ነበር። በቅሎ እያከራየ፣ እንግዳ እየመራ የሚኖር ሰው ነው። ፈሪ አልነበረም። ፈሪ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ያን ዓመት መምህር ለገሠ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ከከተማ መጣ። ከተጋቡ ገና ስድስት ወራቸው ነው። ላይኛው ሐይቅ ዳር በድንኳን ሦስት ሌሊት ሊያድሩ ነው። አጥናፉ ዕቃቸውን በሁለት በቅሎ ጭኖ አወጣቸው። ላይ ግን ሣር የለም፤ ውርጩም ከባድ ነው። ስለዚህ በቅሎዎቹን መልሶ እዚህ ታች መስኩ ላይ አሰራቸውና ወደ እንግዶቹ ወጣ።

የመጀመሪያው ሌሊት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ማታ አስካለ ታመመች። ከፍታው ነው። መጀመሪያ ራሷን አመማት። ከዚያ አስመለሳት። ከዚያ ትንፋሽ አጠራት፤ ከንፈሯ ጠቆረ።

"አጥናፉ፣ ምን ይሻላል?" አለ ለገሠ።

"ማውረድ ነው፣ መምህር። ሌላ መድኃኒት የለውም። በቅሎ ላምጣ።"

"በዚህ ጨለማ ብቻህን?"

"ታዲያ እሷን ብቻዋን ትተናት እንሂድ?"

ባትሪውን ያዘና ሄደ።

ጫካ ገባ። ወፍ የለም፤ ነፋስ የለም። ትንሽ እንደሄደ ከኋላው ሰው ሳለ። ዞሮ አበራ። ማንም የለም። ሄደ። ደግሞ ሳለ፤ አሁን ቀረብ ብሎ።

"ማነህ?" አለ አጥናፉ።

"መንገደኛ ነኝ" አለ አንድ የሻከረ ድምፅ። "ቀስ በል፤ አብረን እንውረድ።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትሮጡ ነበር? አጥናፉ አልሮጠም። እንዲያውም ደስ አለው። በዚያ ጨለማ የሰው ድምፅ መስማት!

ወረዱ። አጥናፉ ከፊት፣ ያ ሰው ከኋላ። መንገዱ ጎን ለጎን አያስኬድም።

"በዚህ ሌሊት ወዴት ነህ?"

"በቅሎ ላመጣ ነው። የታመመች ሴት አለችብን።"

"ስሟ ማነው?"

"አስካለ።"

ትንሽ ሄዱ።

"የት ነው ያለችው?"

"ላይኛው ሐይቅ ዳር፣ ድንኳን ውስጥ።"

"ማን አለ ከእሷ ጋር?"

"ባሏ ብቻ።"

ትንሽ ሄዱ።

"አንተስ? ስምህ ማነው?"

"አጥናፉ።"

"አጥናፉ" አለ ሰውየው። ደግሞ "አጥናፉ" አለ። እየቀመሰው ይመስል ነበር።

አጥናፉ አንድ ነገር ልብ ያለው ያኔ ነው። መሬቱ ደረቅ ቅጠል ነው። የእሱ እግር ቅጠሉን ኮሽ ኮሽ ያደርገዋል። የሌላ ሰው ኮሽታስ? የለም። እስካሁንም አልነበረም! ቆመ። ጆሮውን ጣለ። ምንም የለም። ከዚያ ሽታ መጣ፤ የረጋ ውሃ ሽታ፣ የበሰበሰ ደንገል ሽታ።

"አጥናፉ፣ ምነው ቆምክ?" አለው ከኋላው።

ድምፁ የማን ነበር መሰላችሁ? የሻከረው ድምፅ ጠፍቷል። የራሱ ድምፅ ነው። ቁርጥ የራሱ የአጥናፉ ድምፅ።

ዞሮ አበራ። መንገዱ ባዶ ነው። ቅጠሉ ላይ ግን ሰው የሚቆምበት ያህል ቦታ ርሷል፤ ውሃ ቋጥሯል።

ያኔ ሮጠ። እየወደቀ፣ እየተነሳ፣ እግዚኦ እያለ መስኩ ደረሰ። አንዷን በቅሎ ፈታ። መመለስ ፈራ። ግን ያቺ ልጅ ትንፋሽ አጥሯት ተኝታለች፤ እንዴት ይቅር? ሌላ መንገድ ደግሞ የለም። ተመለሰ። ሽቅብ ሲወጣ ምንም አላገኘም። ሳል የለም፤ ድምፅ የለም። ይኼ የባሰ አስፈራው።

ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ለገሠ በፋኖስ ብርሃን ዕቃ ይሸክፋል።

"መጣህ? እኔም ጨርሻለሁ" አለው።

"አስካለስ?"

ለገሠ ሳቀ። "ምን አስካለስ ትላለህ? አሁን አይደለም እንዴ አዝለሃት የወረድከው? በቅሎዋ ሐይቁ ዳር ናት፣ አንተ ዕቃውን ሸክፍ አልከኝ። ፊትህ ሁሉ ርሶ፣ ላብ መስሎኝ..."

ከአጥናፉ ኋላ የቆመችውን በቅሎ ያኔ አያት። በቅሎዋን አየ፤ አጥናፉን አየ። ፊቱ ደረቅ ነው። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ወደ ሐይቁ ሮጡ። ጉም ውሃውን ሸፍኖታል።

"አስካለ!" ብሎ ጮኸ አጥናፉ። "አስካለ!"

ከመሃል፣ ከሐይቁ መሃል፣ መለሰች። ትንፋሿ አይቆራረጥም። በቀስታ ነው የተናገረችው።

"ምነው ትጮኻለህ፣ አጥናፉ? አዝለኸኝ የለም እንዴ?"

ውሃው አንድ ጊዜ ቦጭረቅ አለ። ከዚያ ዝም።

ሁለቱም እስከ አንገታቸው ገቡ። ብርዱ ሊገድላቸው ደረሰ እንጂ ምንም አላገኙም። በማግሥቱ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሦስት ቀን ፈለገ። የተገኘው ጋቢዋ ብቻ ነው።

ለገሠ ተጠየቀ። "አጥናፉ አዝሏት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ማለ። ዋሸ? አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው። አጥናፉ ሰባት ዓመት ታሰረ። ሲወጣ ጠጉሩ ነጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ከደጅ ሆኖ ሲጠራው አይመልስም፤ አክስቴ እንኳ ብትጠራው ገብታ ፊቷን እስኪያይ ዝም ነው።

ያ ነገር ምን ነበር? አላውቅም። አጥናፉም አያውቅም ነበር።

በሉ፣ እሳቱም ደከመ። ሽንት የሚወጣ ካለ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። በዚያ መንገድ ማንም ብቻውን እንዳይሄድ። ለማታዩት ሰው ስማችሁን አትንገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙ። ሌሊት ድንኳናችሁ ደጅ ቆሜ ብጠራችሁ፣ ድምፄ መሆኑን ብታውቁ እንኳ፣ እንዳትከፍቱ። እኔ እስኪነጋ ከዚህ አልነሳም።