ሁለት ኬብል፣ አንድ ሳጥን

ሰውዬው የሞተው በሩ ሥር ነው። እጁ አረንጓዴዋን ቁልፍ ነክቶ ወርዷል፤ ግድግዳው ላይ የጣቶቹ ፈለግ ቀርቷል። ቁልፏ ከተበላሸች ወር አልፏታል።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ አለች። ጉልበቷ ተንቋቋ።

«ደም የለም» አለ ሳጅኑ።

«አየር ነው ያጣው። ጣሪያው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እያቸው። እሳት ሲነሳ ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ እሳት ያፍናል፤ እሳት ከሌለም ሰው።»

«እሳት ነበረ እንዴ?»

«የታለ?»

ቦታው የሆስፒታል ምድር ቤት ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ። መስኮት የለውም፤ ያለው አንድ የመስታወት በር ብቻ ነው። ከውጭ በካርድ ይከፈታል፣ ከውስጥ በአረንጓዴዋ ቁልፍ። ቁልፏ ስለማትሠራ የገባ ሁሉ በሩን በአሮጌ ፕሪንተር ያስደግፋል። ፕሪንተሩ አሁን ኮሪደሩ ላይ በጎኑ ወድቋል። ከበሩ አጠገብ፣ በውጭ በኩል፣ ጋዙን የሚለቅ ቀይ እጀታ አለ። ወደ ታች ተስቧል።

ውጭ የቆመ ሰው ነው የሳበው።

ሟቹ የክፍሉ ኃላፊ ነው። እዚህ ታች የሚሠሩት እሱን ጨምሮ አራት ናቸው። ሦስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ አንዱ፣ ዘበኛው፣ እጁ በካቴና ታስሯል። ኢንስፔክተሯ ሊፍቱን አስቆመች፤ የደረጃውን በር አስቆለፈች።

«ማንም አይወጣም» አለች። ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ነው። እዚህ ታች ግን ቀኑ አይታወቅም።

መጀመሪያ ዘበኛውን አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ከቦታዎ የተነሱት?»

«ሰባት ሰዓት ላይ። ባለቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ተኝታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆዷ ሊከፈት ነው። ዶክተሩ ያለ ፊርማህ ቢላ አላነሳም ብሎኛል።»

«እዚያ ማን አየዎት?»

«ማንም። የጥየቃ ሰዓት አይደለም፣ በጓሮ ደረጃ ሾልኬ ነው የወጣሁት። እሷም እንቅልፍ ወስዷታል። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ፣ በቃ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወረድኩና በመስታወቱ አየሁት።»

«ካርድዎስ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ። ሁልጊዜ እዚያ ነው፣ አገር ያውቀዋል።»

ሳጅኑ ጣልቃ ገባ። «ሰባት ተኩል ላይ በሩ በእሱ ካርድ ተከፍቷል፤ መዝገቡ ይናገራል። ትናንት ደግሞ ኃላፊው በሰው ፊት ‹ደንቆሮ› ብሎታል።»

«እኔን እንደዚያ ያላለኝ ቀን አለ እንዴ፣ ልጄ? በዚህ ብገድለው ኖሮ እኮ እስካሁን አሥር ጊዜ ሞቷል።»

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት…»

«ሰምቻለሁ።»

ቀጥሎ የኃላፊው ምክትል። ከሰው ኃይል ክፍል ተዛውራ የመጣች ናት፤ በወረቀት ፊቷን ታራግባለች።

«እዚህ ስወርድ ይጨንቀኛል፤ መቃብር ነው የሚመስለኝ። ቶሎ ይጨርሱልኝ።»

«ቶሎ ይመልሱልኝ። ሰባት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ምሳ እየበላሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከምሳዬ ጋር።»

«አረንጓዴዋ ቁልፍ ለምን አልተሠራችም?»

«ግዢ ላይ ናት።»

«ወር ሙሉ?»

ምክትሏ ማራገቡን ጨመረች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። «ምስኪን፣ ሰባት ሰዓት ከሰባት ላይ እኮ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። አዲሱን ሰርቨር ከመጋዘኑ ጋር አገናኝቶ፣ ይኸው። እንዴት አድርጎ አሳምሮ እንደሠራው ይዩልኝ!»

ፎቶው ሥር ‹ያለ እሱ ሠራሁት› ይላል።

«ማን ነው እሱ?»

«ባለመጋዘኑ ነዋ።»

የሆስፒታሉ ራጅና ምስል ሁሉ የሚከማችበት አንድ ትልቅ ማሽን አለ፤ መጋዘን ይሉታል። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። የገዛ ስሙን ረስተውለት ባለመጋዘኑ ይሉታል።

«እነዚህ ሁለት ሰማያዊ ኬብሎች ምንድን ናቸው?»

«እኔ ምኑን አውቄው? ለጌጥ አይሆኑም መቼም።»

ባለመጋዘኑ ቀጭን ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ሰርቨር ከመጋዘን ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው? ምንም እንደማታውቅ ሰው አስረዳኝ።»

ፊቱ ፈካ አለ። ከመጣች ጀምሮ ፊቱ የፈካ ሰው ይሄ የመጀመሪያው ነው።

«ቀላል ነው። ሰርቨሩ የመጋዘኑን አድራሻ ይነገረዋል። መጋዘኑ ላይ ደግሞ የሰርቨሩ ስም ይመዘገባል፤ ስሙን የማያውቀውን አያስገባም። ከዚያ ኬብሉ ነው።»

«ለምን ሁለት?»

«አንዱ ቢበጠስ በሌላው እንዲሄድ። ግን ወደተለያየ ስዊች፣ ኬብል ወደሚገናኝበት ሳጥን፣ ነው መግባት ያለባቸው፤ አንዱ ወደ ላይኛው ሳጥን፣ አንዱ ወደ ታችኛው። ሁለቱንም አንድ ሳጥን ላይ መሰካት ማለት ሁለት በር ሠርቶ ሁለቱንም ወደ አንድ ጓዳ መክፈት ነው። ሳጥኑ ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ የሚያየው ምስል ድርግም ይላል።»

«እንደዚያ የሚሰካ ሰው አለ?»

«ጀማሪ ሁሉ።»

«ኃላፊው ጀማሪ ነበር?»

ፊቱ ተመልሶ ጠፋ። «ሳምንቱ ነው ከተማረ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«ዛሬ ወደ ክፍሉ መጥተህ ነበር?»

«ሟቹን አየሁ ብሎ ዘበኛው እስኪጮህ ድረስ ከቢሮዬ አልተነሳሁም። ካርዴን ከነጠቀኝ ወር ሆኖታል፤ መግባት ካማረኝ እሱን መለመን ነው።»

«መልቀቂያ ጠይቀህ ነበር አሉ።»

«ሁለት ዓመቴ። ባለቤቴና ልጄ ሌላ ከተማ ናቸው። እሱ ካልፈረመ የትም መሄድ የለም። ልጄ በስልክ ‹አጎቴ› ትለኛለች።»

የሰው ወሬ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ኢንስፔክተሯ የምክትሏን ስልክ ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ሰርቨሩ ፊት ቆመች። ፎቶውን አየች፣ ኬብሉን አየች። እንደገና ፎቶውን። ከዚያ የሰርቨሩ ስክሪን ላይ በሰዓት የተደረደረውን መዝገብ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ አምስት ሰው ሲተነፍስ ኮሪደሩ ይሞቃል።

«አጭር ነው» አለች። «ሟቹ ሰባት ከሰባት ላይ ሥራውን ጨርሶ ፎቶ አነሳ። ሰባት ከአሥራ ሁለት ላይ ጋዙ ተለቀቀ። ፕሪንተሩን ገፍቶ በሩን የዘጋና እጀታውን የሳበ ሰው ነበር። እስከዚህ ሦስታችሁም ትችላላችሁ። እጀታ ለመሳብ ትምህርት አይጠይቅም።»

«እኔ ምሳዬን…» አለች ምክትሏ።

«ይቆዩ። ሰባት ተኩል ላይ በሩ በዘበኛው ካርድ ተከፈተ። ካርዱ ያለበትን መሳቢያ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ገባ። ምን አደረገ?»

ፎቶውን ለሳጅኑ አሳየችው።

«ኬብሎቹ የት ነው የተሰኩት?»

«ሁለቱም ላይኛው ሳጥን ላይ።»

«አሁንስ?»

ሳጅኑ በመስታወቱ አየ። «አንዱ… ታችኛው ላይ ነው።»

«ስክሪኑ ደግሞ ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ሁለተኛው መንገድ ተቋረጠ፣ ከአርባ ሰከንድ በኋላ ተመለሰ ይላል። ያን ጊዜ ኃላፊው ከሞተ ቆይቷል። የሞተ ሰው ኬብል አይነቅልም። ስለዚህ በካርዱ የገባው ሰው ሬሳውን ተራምዶ ሄዶ ኬብል አስተካከለ።»

ወደ ዘበኛው ዞረች።

«ጋሼ ዘበኛው የትኛው ኬብል ልክ እንደሆነ አያውቁም።»

«እኔማ የትኛው ኬብል እንደሆነም አላውቅ።»

«ምክትሏ ስህተቱን እጇ ላይ ይዛ ‹አሳመረው› አለችኝ። ያልታያትን ስህተት ልታርም አትችልም። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ስህተት እንደሆነ ራሱ ነው ያስረዳኝ፣ ደስ እያለው።»

ባለመጋዘኑ ግድግዳውን ተደገፈ። ለመሮጥ አልሞከረም። የሚሮጥበት አልነበረም።

«አስተምረኝና በሳምንት ትሄዳለህ አለኝ» አለ። «አስተማርኩት። ዛሬ ብቻውን ሠራው። የመልቀቂያዬን ወረቀት ይዤ መጣሁ፤ ፈርምልኝ አልኩት። አጥፎ ኪሱ ከተተውና ሳቀ። ‹አሁንማ ጭራሽ የትም አትሄድም። ብሳሳት ማን ያርምልኛል?› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ፕሪንተሩን በእግሬ ገፋሁት። በሩ ተዘጋ። አረንጓዴዋን ሲጫን፣ ሲጫን አየሁት። ይቅመሳት አልኩ፤ እኔም ፈርምልኝ እያልኩ ሁለት ዓመት የማይከፍት ቁልፍ ስጫን ነው የኖርኩት። እጄ መቼ ቀዩ ላይ እንደሄደ አላውቅም። ጋዙን ማራገቢያው ጠርጎ ሲያወጣው የዘበኛውን ካርድ ይዤ ገባሁ።»

«ለወረቀቱ?»

«ለወረቀቱ። ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። ስዞር ኬብሉን አየሁ።»

«ትተኸው ብትወጣ እኮ እኚህን ሰውዬ አስሬ እሄድ ነበር።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና አለ» አለ። «ማን እንደሆነች አላውቅም። ምስሏ ግን መጋዘኑ ውስጥ ነው። እንዴት ትቼው ልውጣ?»

ዘበኛው የታሰረ እጁን ይዞ ተነሳ። ባለመጋዘኑን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«እሷን ልታተርፍ፣ እኔን ልትቀብር?»

ባለመጋዘኑ እጆቹን አጣምሮ ለሳጅኑ ዘረጋለት።

«መጀመሪያ የጋሼን ፍታ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሊፍቱንና ደረጃውንም አስከፍት፤ ስምንት ከሃምሳ ሆኗል።»

ካቴናው ሲወልቅ ዘበኛው አላመሰገነም። ሊፍቱ እስኪመጣም አልጠበቀም። እስከ ሦስተኛ ፎቅ በእግሩ ወጣ። አልጋዋ ኮሪደሩ ላይ ተገፍቶ መጥቷል፤ ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ቆማለች።

«የት ጠፉ? ሌላ ሰው ላስገባ ነበር እኮ!»

እስክሪብቶውን ተቀበላት። ወደቀበት። አነሳው፤ ጣቶቹ ደንዝዘው አልታዘዙትም። በሁለት እጁ ይዞ ጫረ።

ነርሷ አቀርቅራ አየችው። «ጋሼ፣ ይሄ ፊርማ ነው?»

«ነው። ታስሬ ነበር» አለና የአልጋውን አንድ ጫፍ ይዞ አብሯት ገፋ።