ውኃ ያልጠጣው ፎጣ

ይሻው በገዛ መኪና ማጠቢያው፣ በላቫጆው ውስጥ፣ በሲሚንቶው ደረጃ ጠርዝ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ጠዋት ነው። ኢንስፔክተር ጽጌ ስትደርስ ግማሹ የደብረ ታቦር ሰው ቀድሟት ደርሷል። ጉሙም ከጉና ወርዶ ከሰዉ ጋር ይጋፋል። ያን ሳምንት ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ አውራ ዶሮዎቹ ነግቷል አልነጋም ተባብለው፣ ሳይስማሙ፣ ሳይጮኹ ውለዋል ይባላል።

ጽጌ ብዙም ሳትቆይ የይሻውን ሠራተኛ ሙባረክን አሰረች። የጎማ ፎጣ ይዞ የመኪና ኮፈን ስለጠረገ ትላንት አመሻሽ ላይ ይሻው ሲጮኽበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የጎረቤቱ ፔንሲዮን ባለቤት እትዬ አሰለፈችም «ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ዝም አለ» ብለው መሰከሩ። የሙባረክ ሚስት ዘቢባ መንገድ ዳር ቆማ የባሏ እጅ ካቴና ሲገባ አየች። በገበያው መሃል ወደ ጣቢያ ተወሰደ፤ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ጽጌን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ደም እንዲያ በፈሰሰበት ቤት ፎጣዎቹ አንድ ሳይቀሩ ንጹሕ ናቸው። የሟቹን ታናሽ ወንድምና ሸሪክ አዳነን ጠራችው።

«ወንድምህ ፎጣ እንዴት ነበር የሚይዘው?»

«ኧረ ይተዉኝ ኢንስፔክተር። ሰው ሞቶብኝ ስለ ፎጣ ላውራ?»

«ስለ ፎጣ አውራ።»

አዳነ አፍንጫውን ጠረገ። «ፎጣ ሊገዛ ባሕር ዳር ድረስ ይወርዳል። ጉንጩ ላይ ያሻሸዋል፣ ውኃ ጠብ ያደርግበታል። ጠብታው ቶሎ ካልሰመጠ ‹ይሄ ለሙሽራ ነው እንጂ ለመኪና አይሆንም› ብሎ ይወረውረዋል። አንዱ ነጋዴማ ይሻው ከሩቅ ሲመጣ ቢያየው ሱቁን ዘግቶ ጣራ ገዳም ሱባኤ ገባ አሉ።» ሊስቅ ብሎ ተወው። «ሰማያዊው ለቦዲ፣ ቢጫው ለመስታወት፣ ጥቁሩ ለጎማ። ጎማ የነካ ፎጣ አሸዋ ስለሚይዝ ቀለም ይጭራል። የትላንቱም ጩኸት በዚያው ነው። ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ሙባረክም ሁልጊዜ ይስቅበታል።»

«የሚያጥባቸውስ ማነው?»

«ራሱ፣ በተራ ሳሙና። የልብስ ማለስለሻ ካየማ ያብዳል። ፎጣውን ሐር ያስመስለውና ውኃ መጠጣት ያስተወዋል።»

«አጥፎ ነው የሚያስቀምጠው?»

«ምን በወጣው? ሽቦ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ።»

ጽጌ ወደ መደርደሪያው ተመለሰች። ፎጣዎቹ ለሦስት ታጥፈው፣ ሰማያዊው ከጥቁሩ ጋር ተደራርቦ ተቀምጠዋል። ካውያ የሄደበት መስመር ይታይባቸዋል። አንዱን አንስታ ውኃ ጠብ አደረገችበት። ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወደቀ።

ቀጥላ ፔንሲዮኑ ገባች። ግቢው ውስጥ ባዶ ጀሪካን ተሰልፏል።

«ውኃ የለም እንዴ፣ እትዬ?»

«ከየት መጥቶ፣ ልጄ? ያ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ በፓምፕ ይስበዋል፤ የእኛ ቧንቧ ይተነፍሳል እንጂ አይፈስም። እንግዳው ፊቱን ሳይታጠብ ጥሎኝ ይሄዳል። አንሶላም የምናጥበው እሱ ሲዘጋ ጠብቀን ነው።» ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነፍስ ይማር እንግዲህ።»

«ትላንት ላቫጆው ገብተው ነበር?»

«እኔ? ደጁንም አልረገጥሁ።»

በተከፈተው የመኝታ ክፍል በር አልጋ ይታያል። ግርጌው ላይ ለሦስት የታጠፈ ፎጣ ተቀምጧል።

ጽጌ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሁሉንም ላቫጆው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙባረክ ካቴናው እንዳለ ነው፤ ዘቢባ በሩ ላይ ቆማለች። ጽጌ እዚያው የቆመች መኪና ኮፈን ላይ ውኃ ደፍታ ለአዳነ፣ ለሙባረክና ለእትዬ አሰለፈች አንድ አንድ ፎጣ ሰጠች።

«ጥረጉልኝ።»

ጠረጉ። ውኃው ግራና ቀኝ ሸሸ እንጂ አልደረቀም።

«ይበቃል። ፎጣውን አስቀምጡ።»

አዳነ ሽቦው ላይ ወረወረው። ሙባረክ በታሰረ እጁ እንደምንም ዘርግቶ ሰቀለው። እትዬ አሰለፈች ግን የእጃቸውን ፎጣ ለሦስት አጠፉ፣ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት።

ጽጌ ዝግ ብላ ጀመረች። «ይሻው ፎጣ አያጥፍም፤ ትላንት ግን ሰው አጥፎለታል። በዚህ ጉም ታጥቦ ያደረ ጨርቅ ለጠዋት አይደርቅም፤ እነዚህ በካውያ ደርቀዋል። ውኃ አልጠጣ ያሉት ማለስለሻ ስለገባባቸው ነው። አዳነና ሙባረክ ማለስለሻ እንደሚያበላሻቸው ያውቃሉ። ያጠባቸው የማያውቅ ሰው ነው፣ ለእንግዳ አልጋ ማጠብ የለመደ። ቢጠፉ ይታወቃል ብሎም መልሶ አመጣቸው። እትዬ፣ እንዲህ የሚያጥፈውን እጅ አሁን አየነው።»

እትዬ አሰለፈች እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

«ፓምፑን አጥፋልኝ ልለው ነው የገባሁት» አሉ። «ውኃ ከፈለግሽ ዝናቡን ጠብቂ ብሎ ሳቀብኝ። ገፋ አደረግሁት። እግሩ ሳሙና ላይ ነበር። ደሙን ላቆም ያገኘሁትን ፎጣ ሁሉ ያዝሁበት፤ አልቆመም።»

«ሰው ለምን አልጠሩም?»

«ፈራሁ።»

«ሙባረክ ላይ ሲመሰክሩስ?»

ወደ ዘቢባ ቀና ሊሉ ሞክረው አቃታቸው።

ጽጌ ካቴናውን ፈታች። «ወደ ቤትህ ሂድ።»

ሙባረክ የእጁን አንጓ እያሻሸ አልተንቀሳቀሰም። «ብቻዬን አልሄድም፣ ኢንስፔክተር። ጠዋት በገበያው መሃል ነው ያስነዱኝ። አሁን ብቻዬን ቢያዩኝ አምልጦ ነው የሚሉት።»

ጽጌ እትዬ አሰለፈችን ለባልደረባዋ አስረክባ ከባልና ሚስቱ ጋር ወደ ገበያው ወጣች። በየሱቁ ደጃፍ ቆም እያለች «ይሄ ሰው አልገደለም፤ ያሰርሁት በስህተት ነው» አለች። ጠዋት ሊያይ ከወጣው ሕዝብ ግን ግማሹም አልነበረም። የገበያው ጫፍ ሲደርሱ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ዞር ብላ መንገዱን እንደገና ጀመረችው።