ስክሪን ላይ የሚመታ ልብ

ድረ ገጽ ሠሪው በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ። የራስ ቅሉ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል። ገዳዩ የኮምፒውተሩን የብረት መቆሚያ አንስቶ የመታው አንዴ ብቻ አልነበረም፤ ኢንስፔክተሯ ግድግዳው ላይ የተረጨውን ደም በዓይኗ ተከትላ ስድስት ምት ቆጠረች። አንገቱ ላይ የቻርጀር ገመድ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ከኪቦርዱ የተነቀሉት ፊደሎች እንደ ጥርስ ደሙ ውስጥ ተበታትነዋል። ከመካከላቸው ሁለቱ እውነተኛ ጥርሶች ነበሩ።

«እኛን እዚህ ብዙም የሚያቆየን ነገር የለም» አላት ሃምሳ አለቃው። «ታናሽ ወንድሙን ደም በደም ሆኖ አገኘነው። ትናንት ተጣልተው ነበር። ጎረቤት ልክ በአምስት ሰዓት ሲገባ አይታዋለች። ሟቹ ደግሞ እስከ አምስት ሰዓት ከአምስት ድረስ በሕይወት እንደነበር አገር ምድሩ አይቷል።»

«አገር ምድሩ እንዴት ሊያይ ቻለ?»

ሃምሳ አለቃው ስልኩን አቀበላት። ሟቹ አዲስ የወጣ ዕቃ ሁሉ እየሞከረ ሐሳቡን የሚጽፍበት የግል ድረ ገጽ ነበረው። አንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ወተት ማለቁን የሚናገር ፍሪጅ እንድሞክር ሰጡኝ። እናቴ ይህን ሥራ በነፃ ትሠራለች፣ ያውም ተቆጥታ።» ሌላ ገጽ ሲከፈት አንድ ትልቅ ቀይ ልብ ብቻ ይታያል። ድረ ገጽ ሠሪው እጁ ላይ ያሰረው ሰዓት የልቡን ትርታ በራሱ ሲም ካርድ ይልካል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ልብም በዚያው ልክ ይመታል። አሁን ቆሟል። ከሥሩ «5፡05» ይላል።

ኢንስፔክተሯ የሚያማትን ጉልበቷን እየደገፈች ቁጢጥ አለች። ከትከሻው የወረደው ደም ክንዱን ይዞ እስከ ጣቶቹ ደርቋል። የሰዓቱ መስታወት ግን ንጹሕ ነው። ማሰሪያውን በእስክሪብቶ ቀና አደረገችው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ላይ ደም ደርቆ ተጋግሯል። ፎቶ አነሳችው።

«ሐኪሙ መቼ ሞተ አለ?»

«ከሦስት እስከ አምስት ባለው ውስጥ። ክፍሉ በማሽኖቹ ሙቀት ስለጋለ ከዚህ በላይ አላጠብም ብሏል።»

ግቢው ውስጥ እናትየው በታናሽ ልጇና በፖሊስ መኪናው በር መካከል ቆመዋል።

«አንዱን በቃሬዛ አወጣችሁት» አሉ። «ይሄንን ደግሞ በካቴና ልትወስዱት። እኔ ለማን ልኑር?»

«እማማ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ ይቆያል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ካላገኘሁ ይሄዳል። አልዋሽዎትም።»

ወንድምየውን የአጥሩ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። እጁ እስከ ክርኑ ቀልቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ስልኬን ልሞክርበት ብሎ ፈታታው። የልጄ ፎቶዎች በሙሉ ጠፉ። ሰደብኩት፣ ሰደበኝ። ለስልክ ብዬ ወንድሜን እገድላለሁ?»

«ስትገባ ምን አየህ?»

«ወድቋል። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ደሙ ረግቶ ተጣበቀብኝ። ወዲያው የሥራ ሸሪኩ እየሮጠ ገባ። እጁን ይዞ ‹ትርታ አለው፣ ትርታ አለው› ሲል ነበር።»

«ሰዓቱን አይተሃል?»

«ሰዓት ማን ያያል? ወንድሜን ነው ያየሁት።»

የሟቹ እጮኛ ነርስ ናት። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ነው የመጣችው። «ሦስት ተኩል ላይ ገጹን ከፈትኩት» አለች። «ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ነው፣ ልቡ ከስልሳ አያልፍም። መቶ ሠላሳ ይላል። ‹ማን እያባረረህ ነው?› ብዬ ጻፍኩለት። አልመለሰልኝም።»

ቀጥሎ እናትየው ተጠየቁ። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ይሄን ልብ ለእኔ ነው የሠራው። እኔ ፊደል ገና አሁን እየቆጠርኩ ነው፤ መልእክት ቢልክልኝ አላነብም። በቀን አሥር ጊዜ ስደውልበት ሰለቸውና ‹እማዬ፣ ቀዩ ከመታ ደህና ነኝ ማለት ነው› አለኝ።»

«ዛሬስ?»

«የጎልማሶች ትምህርት ላይ ነበርኩ። ከደብተሬ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ሦስት ሰዓት አለፍ እንዳለ በጣም ሮጠ፤ ከዚያ ቆመ። ልነሳ ስል ተመልሶ መታ። ኔትወርክ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከቆመ ኔትወርክ ነው፣ አትደንግጪ ብሎኝ ነበራ።»

ሸሪኩ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ከሟቹ ጋር ለስምንት ዓመት ድረ ገጽ አብሮ ሠርቷል። ሸሚዙ ላይ ከማሸጊያ የወጣ የአዲስ ልብስ እጥፋት አለ።

«ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ሩብ ጉዳይ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ። «ይህን የእጅ ሰዓት ከሚያስመጡት ሰዎች ጋር፣ ቢሮአቸው ውስጥ። ድረ ገጻቸውን እኔ ነኝ የምሠራላቸው። ሄደው ይጠይቋቸው።»

ሄዳ ጠየቀቻቸው። የሕንፃው አሳንሰር ከተበላሸ ሳምንት አልፎታል። ደረጃዎቹን እየረገመች አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። አስመጪዎቹ እውነት ነው አሉ፤ ከዓይናቸው አልተሰወረም፣ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። እየረገመች ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን መርገሟን ትታ ቆመች። ከዚያ ጉልበቷን ረስታ ወደ ሟቹ ኮምፒውተር ተመለሰች።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆመ።

«ከሰዓቱ እንጀምር» አለች። «ደሙ ክንዱን ይዞ ሲወርድ ሰዓቱ እጁ ላይ ቢሆን ኖሮ ደሙ መስታወቱ ላይ ሆኖ ከሥሩ ያለው ቆዳ ንጹሕ በሆነ። እኔ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው። ሰዓቱ የታሰረለት ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው።»

«ታዲያ እስከ አምስት ሰዓት የመታው ልብ የማን ነው?» አለች እጮኛው።

«ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ትርታው መቶ ሰባ ደረሰ። ሰውየው ለነፍሱ እየታገለ ነበር። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ጸጥ አለ። ሲመለስ መቶ ሠላሳ። ያ ልብ የእሱ አይደለም። ገዳዩ ሰዓቱን ወዲያው ፈትቶ፣ ጠርጎ በራሱ እጅ ላይ አሰረው።»

ሸሪኩ ሳቅ አለ። «ማንም ሊያስረው ይችላል። ወንድሙም ጭምር።»

«ይችላል። ግን ሟቹ በዚህ ሳምንት አዲስ ሙከራ ጀምሮ ነበር። ገጹ ላይ ገና አላወጣውም፣ ለእርስዎም አልነገረዎትም። ሰዓቱ የሚወጡትንና የሚወርዱትን ደረጃ እንዲቆጥር አድርጎታል። እዚህ ቤት አንድም ደረጃ የለም። ሰዓቱ ግን ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ አራት ፎቅ ወጥቷል። ለአምስት አሥር ጉዳይ ላይ አራት ፎቅ ወርዷል። እርስዎ ስብሰባ ላይ ሆነው ልቡ ሲመታ ይታይልኝ ብለው ነው ኮትዎ ሥር ያሰሩት። አሳንሰሩ ቢሠራ ኖሮ ምናልባት አይያዙም ነበር።»

ሸሪኩ መሳቁን ተወ።

«መኪናዎ ውስጥ አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ፈቱት። ብቻዎን ገብተው ሊያስሩለት ነበር፤ ወንድምየው ቀደመዎት። ትርታ የሚፈልጉ መስለው እጁ ላይ አጠለቁት። ሸሚዝዎን ግን ከስብሰባው በፊት ገዝተው ቀይረዋል። የድሮው የት ነው?»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው?»

«የሰረዙትን ጽሑፍ አገኘሁት። ሟቹ የሚጽፈውን ሁሉ ሌላ ቦታ ቅጂ እንደሚያስቀምጥ ረስተዋል። ‹ይህ ሰዓት ቻርጅ ሲደረግ ይግላል፤ ትራሴን አቃጥሏል፣ ልጅ ያለበት ቤት አይግባ› ይላል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሊወጣ ነበር። አስመጪዎቹን እንዳያጡ አይውጣ ብለው ለመኑት፣ እምቢ አለ።»

ሸሪኩ የውሃውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ሰብሮ ስባሪውን እንደያዘ ወደ እሷ ተወረወረ። ክንዷን ሸረከታት። ሃምሳ አለቃው ከኋላ ማጅራቱን አንቆ ፊቱን ከወለሉ ጋር አጋጨው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ካቴናው ሲገባለት ከአፍንጫው ደም እየወረደ ያቃስት ነበር።

እናትየው ተነስተው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ቆሞ ሲመለስ ተመስገን ብዬ ስክሪኑን ስሜዋለሁ» አሉት ቀስ ብለው። «ያንተን ልብ ነው የሳምኩት?»

ፖሊሶች ሸሪኩን ጎትተው አወጡት።

ኢንስፔክተሯ ክንዷን በመሐረብ አስራ የወንድምየውን ካቴና በራሷ እጅ ፈታች። «የደሙ ናሙና ተወስዷል» አለች። «መታጠብ ይችላል።»

እናትየው እጁን ይዘው ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወሰዱት። ሙሉ ሰው ነው፣ የልጅ አባት ነው፤ እንደ ሕፃን ተከተላቸው። ውሃው ቀልቶ ፈሰሰ።

«ልታረቀው ነበር የመጣሁት» አለ። «አንኳኩቼ ዝም ሲለኝ፣ ገና አኩርፎኛል ብዬ በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ።»

እናትየው ጥፍሩ ሥር የገባውን ደም በአውራ ጣታቸው እየፈቀፈቁ ነበር።

«አላኮረፈህም ልጄ» አሉት። «ሌላውን እጅህን አምጣ።»